ስልኬን ሳላስፎርማት፦ የጠፋ የባንክ መልዕክት፣ የዘገየ ቴሌግራም፣ እምቢ ያለ ዋትስአፕ

ሽሮ ሜዳ የሀበሻ ልብስ እሸጣለሁ። ሱቋ ትንሽ ናት፤ ከደንበኞቼ ብዙዎቹ ግን ደጃፏን ረግጠው አያውቁም። አዲስ አበባና ክፍለ ሀገር ያለው በቴሌግራም ፎቶ አይቶ ያዛል፤ አሜሪካና አረብ አገር ያለው ልኬቱን በዋትስአፕ ይልካል፤ ገንዘቡ በባንክ ወይም በቴሌብር ይገባል፤ መግባቱን የሚያበስረኝ ደግሞ አጭር መልዕክት ነው። ጥምቀት ሲቃረብ፣ ሥራው በሚጧጧፍበት ሰሞን፣ ስልክ ቀየርኩ። ከዚያ ወዲያ የደረሰብኝን የምጽፈው ተመሳሳይ ነገር የገጠመው ሰው ጊዜውንም ገንዘቡንም እንዳያባክን ብዬ ነው። ስለ ስልክ የተማርኩት ነገር የለም፤ የማውቀው ጥበብና ጥለት ነው። እኔ ከቻልኩት እናንተን አያቅታችሁም።

መጀመሪያ የጠፋው የባንኩ መልዕክት ነው። አንዲት ደንበኛዬ ከሐዋሳ ለራሷና ለልጇ ቀሚስ አዝዛ "ብሩን አስገብቻለሁ እህቴ" ብላ የደረሰኙን ፎቶ ላከችልኝ። እኔ ዘንድ ግን ምንም የለም። ቀኑን ሙሉ ስልኬን እያየሁ ዋልኩ። በዚህ ገበያ የተቀነባበረ ደረሰኝ አሳይቶ ዕቃ የሚወስድ ሰው እንዳለ የማያውቅ ነጋዴ የለም፤ ስለዚህ "መልዕክቱ ሲደርሰኝ ልብሱን እልካለሁ" አልኳት። ተቀየመች፤ እውነትም አላት። በማግስቱ ባንክ ሄጄ ሳስጠይቅ ብሩ ባለችበት ሰዓት ገብቶ ቁጭ ብሏል። የሌሎች ደንበኞችም ክፍያ እንዲሁ እኔ ሳላውቀው ገብቶ ተገኘ።

እዚህ ላይ ነጋዴ ለሆናችሁ አንድ ነገር ልበል። መልዕክት አልመጣም ማለት ብር አልገባም ማለት አይደለም። መልዕክት መጣ ማለትም ብር ገባ ማለት አይደለም፤ ከባንክ የመጣ የሚመስል ጽሑፍ ከየትም ሊላክ ይችላል። የሚታመነው ሂሳቡ ራሱ ነው። የባንካችሁን መተግበሪያ ወይም የቴሌብር መተግበሪያን ከፍታችሁ የገባ የወጣውን እዩ። እኔ ይህን የለመድኩት ከዚያ ቀን ወዲህ ነው።

ከባንክ ስወጣ ስልክ ጥገና ቤት ገባሁ። ልጁ ስልኩን ገለባበጠና "ሶፍትዌሩ ነው፣ ፎርማት ይደረግ" አለኝ። ልሰጠው ስል ነጠላ የምትሸጠው ጎረቤቴ ትዝ አለችኝ። እሷም እንዲሁ ተብላ አስፎርማታ የዋትስአፕ ወሬዋ ሁሉ፣ የደንበኞቿ ልኬት ሳይቀር፣ ተጠርጎ ጠፋባት። የሄደችበት ችግር ግን ሳይነቃነቅ አብሯት ተመለሰ። ስልኬን ይዤ ወጣሁ።

ፎርማት ይሠራል፤ ግን ቤት የሚቃጠልበት ዓይነት መፍትሔ ነው። ግድ ከሆነ እንኳ አስቀድማችሁ ዋትስአፕ ውስጥ "ቻትስ" ከዚያ "ቻት ባክአፕ" ገብታችሁ መጠባበቂያ ያዙ። የቴሌግራም መልዕክት ከምስጢራዊ ቻት በቀር የድርጅቱ ሰርቨር ላይ ስለሚቀመጥ ተመልሶ ይመጣል። ዋትስአፕ ግን መጠባበቂያ ካልያዛችሁለት አይመጣም፤ አጭር መልዕክትም እንደዚያው።

የእህቴ ልጅ አዳማ ኮምፒውተር ቤት ይሠራል። ደውዬ ስልኬ መልዕክት አልቀበል አለ ስለው "አክስቴ፣ የማን መልዕክት ነው የማይመጣው? የሁሉም ነው የባንኩ ብቻ?" አለኝ። አላውቅም። "በይ ምንም እንዳትነኪ፣ አሁን እልክልሻለሁ" ብሎ ዘጋው። ከኢትዮ ቴሌኮም ቁጥሩ ላከ፤ ደረሰኝ። ከሳፋሪኮም ቁጥሩም ላከ፤ ደረሰኝ። ቀጥሎ እኔ ለእሱ ስጽፍ "አልተላከም" የሚል ቀይ ጽሑፍ መጣብኝ። በዚህች ትንሽ ሙከራ ነገሩ ሁሉ ተገለጠልን። የሰው መልዕክት ይገባል፣ የባንክ አይገባም፣ ከእኔ ደግሞ ጭራሽ አይወጣም። እኔ "ስልኩ ተበላሸ" ብዬ አንድ ላይ የጠቀለልኩት ሁለት ለየቅል ችግር ኖሯል፤ ቆይቶ ደግሞ አራት ሆነ።

የእህቴ ልጅ ያስረዳኝ እንዲህ ነው። አጭር መልዕክት ኢንተርኔት አይፈልግም። ከስልካችሁ ይወጣና ወደ ቴሌው የመልዕክት ማዕከል ይሄዳል፤ ማዕከሉ እንደ ፖስታ ቤት ተቀብሎ ያስቀምጠዋል፣ የተቀባዩ ስልክ ክፍት ሲሆን ያደርሰዋል። ቴሌግራምና ዋትስአፕ ደግሞ የሚሄዱት በዳታ ወይም በዋይፋይ ነው፤ የስልክ ሂሳብ ቢኖራችሁም ባይኖራችሁም ግድ የላቸውም። ሦስተኛው ማስታወቂያው ነው፤ ማለትም ድምፁና ከላይ ብቅ የሚለው ጽሑፍ። መልዕክቱ ደርሶ ማስታወቂያው ብቻ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ምንም ከመነካካታችሁ በፊት የትኛው እንደተቋረጠ ለዩ። አንድ ዘመድ በአጭር መልዕክት፣ በቴሌግራምና በዋትስአፕ "ሰላም" ብሎ ይላክላችሁ፤ እናንተም መልሱለት። ከተቻለ ከሁለቱም ቴሌ ይሁን።

የባንኩ መልዕክት ያለበትን ያገኘነው እዚያው ስልክ ላይ እያወራን ነው። የመልዕክት መተግበሪያውን ከፍቼ ከላይ ጥግ ላይ ያለውን ምስል ስነካ "ስፓም ኤንድ ብሎክድ"፣ ማለትም የማይፈለግና የታገደ፣ የሚል መስመር አለ። ነካሁት። አንድ በአንድ ተደርድረዋል። የሐዋሳዋ ክፍያ፣ ከእሷ በፊት የገባ የሁለት ነጠላ ዋጋ፣ የቴሌብር የ127 መልዕክት፣ የእቁባችን ሰብሳቢ የላከችው፤ ሁሉም ከነቀኑ ከነሰዓቱ፣ አንዱም ሳይነበብ። ስልኩ አንዱንም አልጣለም፤ ድምፅ ሳያሰማ ሌላ ክፍል ውስጥ ነበር የሚያጠራቅመው።

እንዴት እዚያ ገቡ? አዲሱን ስልክ ያስተካከለችልኝ ልጄ ናት። በየቀኑ "ይመዝገቡ፣ ይሸለሙ" የሚሉት የአጭር ቁጥር ማስታወቂያዎች ስላሰለቹኝ አጥፊልኝ ብያት ነበር። እሷም አንዱን ረዘም አድርጋ ተጭና ሌሎቹን በጅምላ መረጠችና ብሎክ አለች፤ የባንኩም አብሮ ተመረጠ። ስልኩ በራሱ ፍርድ ወደ ስፓም የሚወረውርበት ጊዜም አለ። መፍትሔው ያው ነው፤ መልዕክቱን ከፍታችሁ "አንብሎክ" ወይም "ስፓም አይደለም" የሚለውን መንካት። ላኪው በቁጥር የሚልክ ከሆነ ስም አውጥታችሁ መዝግቡት፤ የተመዘገበ ቁጥር ወደ ስፓም የመወርወር ዕድሉ ጠባብ ነው። ከጓደኛ ወይም ከዘመድ የሚመጣም መልዕክት ሲጠፋባችሁ መጀመሪያ እዚህ ተመልከቱ። ሰው ሳይታወቀው ያገደው ዘመድ ስንት ነው።

በተረፈ መቀበል ሲያቅት ሊታዩ የሚገባቸው ሌሎች ሁለት ነገሮች አሉ፤ ቶሎ ልለፋቸው። የስልኩ ማከማቻ ጢም ብሎ ሞልቶ ከሆነ አጭር መልዕክት አልገባ ይላል። ሱቅ የምታግዘኝ ልጅ ስልክ በቲክቶክ ቪዲዮ ሞልቶ እንዲሁ ሆኖባት ነበር፤ ቪዲዮዎቹን ስታጠፋ የቆዩት መልዕክቶች ተከታትለው ገቡ። ሌላው፣ ሁለት የመልዕክት መተግበሪያ ከጫናችሁ አንድሮይድ ዋና ብሎ የሚቀበለው አንዱን ብቻ ነው። ከሴቲንግ ውስጥ "ዲፎልት አፕስ" ገብታችሁ የምትጠቀሙበት መመረጡን እዩ።

ወደ ሁለተኛው ችግሬ ልምጣ፤ አለመላክ። አዲሱ ስልክ ሁለት ሲም ይይዛል። በ09 የሚጀምረው ሂሳብ አለው፤ በ07 የሚጀምረውን የያዝኩት ለኢንተርኔት ጥቅል ብቻ ነው። ስልኩ ሲስተካከል የመልዕክት መላኪያ ሆኖ የተመረጠው የ07ቱ ነበር። የዳታ ጥቅል ደግሞ ስንት ጊጋ ቢሆን አጭር መልዕክት አይልክም፤ ወይ ሂሳብ ወይ የመልዕክት ጥቅል ያስፈልጋል። ከሴቲንግ "ሲም" የሚለው ውስጥ ገብቼ የመልዕክቱን ወደ 09 ቀየርኩት፤ ሄደ። እናንተም መልዕክት እምቢ ሲላችሁ አስቀድማችሁ ሂሳባችሁን ጠይቁ፤ በኢትዮ ቴሌኮም *804# ነው። ቀጥሎ ከየትኛው ሲም እየወጣ እንደሆነ እዩ፤ ብዙ ስልኮች ላይ ከመላኪያው ምልክት አጠገብ 1 ወይም 2 የሚል ትንሽ ቁጥር አለ። ይህችን ቁጥር ልብ የሚላት ሰው ጥቂት ነው፤ ከደንበኞቼ ስልክ ላይ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ሂሳብ እያለ፣ መደወል እየተቻለ፣ መልዕክት እየገባ መላክ ብቻ እምቢ ካለ የማዕከሉ ቁጥር ይጠርጠር። ቅድም ፖስታ ቤት ያልኩት ማዕከል የራሱ ስልክ ቁጥር አለው፤ ያ ቁጥር ከጠፋ ወይም ከተሳሳተ መልዕክቱ የሚሄድበትን አያውቅም። ወንድሜ ላይ የደረሰው ይህ ነው፤ ቁጥሩ ባዶ ሆኖ ተገኘ። ብዙ አንድሮይድ ስልኮች ላይ *#*#4636#*#* ብላችሁ ስትጽፉ በሚከፈተው ገጽ ታችኛው ክፍል ይታያል። አይፎን ላይ *#5005*7672# ብሎ መደወል ነው። ያ ካልሠራ ሲሙን አውጥታችሁ ባለ ቁልፍ ስልክ ውስጥ ክተቱት፤ እዚያ የመልዕክት ሴቲንግ ውስጥ በግልጽ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ትክክለኛውን ቁጥር ከዚያው ቴሌ ደንበኛ ከሆነ ሰው ስልክ ላይ አይታችሁ፣ ወይም ወደ ቴሌው ደውላችሁ ጠይቁ። በግምት ግን እንዳትጽፉ። በዚያው ገጽ ላይ ያሉትን ሌሎች ቁልፎችም ተዉአቸው።

መላክ እንደጀመርኩ ለደንበኞቼ ሁሉ "የጥምቀት ልብስ ገብቷል" የሚል መልዕክት በአማርኛ ጽፌ በተንኩ። ሂሳቤ እንደ ጉም በነነ። ሰረቁኝ ብዬ ልጮህ ስል የእህቴ ልጅ ሳቀብኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ አጭር መልዕክት የሚይዘው 140 ባይት ነው፤ አንዱ ባይት 8 ቢት ነው። የላቲን ፊደል በ7 ቢት ስለሚላክ 160 ፊደል ይገባበታል። የግዕዝ ፊደል ግን በ16 ቢት ስለሚላክ የሚገባው 70 ብቻ ነው፤ ክፍተቱም ነጥቡም ተቆጥሮ። ከ70 ካለፈ ይቆራረጣል፤ እያንዳንዱ ቁራጭ መገጣጠሚያ ስለሚጨመርበት 67 ፊደል ብቻ ይይዛል። የእኔ ጽሑፍ ወደ 150 ፊደል ይጠጋ ነበር፤ በላቲን ቢሆን አንድ፣ በግዕዝ ሦስት መልዕክት ሆኖ ይታሰባል። ያንን በደንበኞቼ ብዛት አባዙት። በላቲን እየጻፋችሁ መሃል ላይ አንድ የግዕዝ ፊደል ወይም አንዲት የአበባ ምልክት ብትጨምሩ እንኳ መልዕክቱ በሙሉ ወደ 70 ይወርዳል። አንዳንድ ደንበኞች "ግማሹ ነው የደረሰኝ" ያሉኝም ለዚህ ነው፤ ከሦስቱ ቁራጭ አንዱ ሲዘገይ መልዕክቱ ሳይሟላ ይቀራል። በአማርኛ መጻፌን አልተውኩም፤ አሳጥሬ ነው የምጽፈው። ረዘም ያለውን በቴሌግራም እልካለሁ።

ከዚያ ደግሞ ቴሌግራም ተራውን ያዘ። ትዕዛዙ ይመጣል፤ እኔ የማየው ግን ራሴ ስከፍተው ነው። ጠዋት የተላከ "አለ ወይ?" የሚል ጥያቄ ከሰዓት በኋላ ከፍቼ ሳገኘው ሰውየው ከጎረቤት ሱቅ ገዝቶ ጨርሷል። እዚህ ገበያ ላይ የምናገኛቸው ብዙ ስልኮች ባትሪ ለመቆጠብ ሲሉ ያልተከፈተ መተግበሪያን ያስተኛሉ። መውጫው ይህ ነው፦ ከሴቲንግ "አፕስ" ውስጥ ቴሌግራምን ፈልጋችሁ "ባተሪ" የሚለውን "አንሪስትሪክትድ" አድርጉት። "ኦቶ ስታርት" የሚል ካለ ይከፈት። "ዳታ ሴቨር" ከበራ ወይ አጥፉት ወይ ለቴሌግራምና ለዋትስአፕ ብቻ ፍቀዱላቸው፤ ጥቅል እንዳያልቅብን ብለን የምናበራው ይህ ነገር ከኋላ የሚገባውን መልዕክት ይዘጋዋል። "ስልኬን አፍጥንልኝ" እያሉ ሁሉንም የሚዘጉ የማጽጃ መተግበሪያዎችንም አስወግዱ። እኔ በበኩሌ ከነዚህ ማጽጃዎች ጥቅም አግኝቶ የሚያውቅ ሰው አላየሁም።

ቴሌግራም ጭራሹን "ኮኔክቲንግ" እያለ ከተንጠለጠለባችሁ ፕሮክሲና ቪፒኤን ተመልከቱ፤ ሁለቱም ኢንተርኔቱን በሌላ መንገድ አዙረው የሚያስገቡ ናቸው። ማኅበራዊ ሚዲያ በተዘጋባቸው ጊዜያት ሁላችንም ከየቦታው ፕሮክሲ ለጥፈናል፣ ነጻ ቪፒኤን ጭነናል። ኢንተርኔቱ ከተለቀቀ በኋላ ግን አላጠፋነውም። ያ ፕሮክሲ የሞተ ቀን ቴሌግራማችሁም አብሮ ይሞታል። በቴሌግራም ሴቲንግ "ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ" ውስጥ ታች ላይ "ፕሮክሲ" አለ፤ አጥፉት። ቪፒኤኑንም እንዲሁ። የሱቅ ጎረቤቴ ስልኩን ሊሸጠው ዋጋ እያስጠራ ሳለ ይህችን አጥፍቼለት እስካሁን እየተጠቀመበት ነው።

አንዳንዴ ደግሞ ጥፋቱ ከስልክም ከሴቲንግም አይደለም። የ1997ቱን ምርጫ ተከትሎ አጭር መልዕክት በመላ አገሪቱ ተዘግቶ ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ ሚሊኒየሙ ሲገባ እንደተከፈተ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ስለዚህ ስልካችሁን ከመፈታታታችሁ በፊት ጎረቤትን ጠይቁ። የሁሉም ከቆመ ቡና አፍሉና ጠብቁ።

ዋትስአፕ ላይ የገጠመኝ ሦስት ነው፤ የመጀመሪያው ስልኩን በሸጠልኝ ሱቅ ይጀምራል። ሻጩ ሊያስደስተኝ ብሎ ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ሞልቶልኛል፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ስልኩ 3:00 ይላል። ምቹ ነበር። ግን የላክሁትና የተላከልኝ ቅደም ተከተሉ ተፋለሰ፤ መልሱ ከጥያቄው በላይ ይታየኛል። የአማቴ ስልክ የባሰ ነበር፤ ዓመተ ምሕረቱም በእኛ ስለተሞላ ስልኩ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከሰባት ዓመት በላይ ወደ ኋላ ቀርቷል። ዋትስአፕ ቀኑ የተሳሳተ ነው ብሎ አልከፈት አለ፤ ብዙ ድረ ገጾችም አደገኛ ነው እያሉ ይመልሷታል። የኢንተርኔት ደኅንነት የሚሠራው ቀን እያገናዘበ ስለሆነ፣ ከዓመታት በፊት ነኝ የሚል ስልክ ምስክር ወረቀቱን ሁሉ ገና ያልጸና አድርጎ ያየዋል። ቀንና ሰዓቱን "ኦቶማቲክ" ላይ አድርጉት፣ የሰዓት ክልሉም የምሥራቅ አፍሪካ፣ ማለትም ጂኤምቲ ሲደመር 3 ይሁን። የሀበሻ ሰዓትና ቀን ማየት ለሚፈልግ የኢትዮጵያ ካላንደር መተግበሪያ ጭኖ ፊት ለፊት ማስቀመጥ ይችላል።

ሁለተኛው የማረጋገጫ ኮዱ ነው። ዋትስአፕ ወደ አዲስ ስልክ ሲዛወር ባለ 6 አሃዝ ኮድ ይልካል። የእኔ ቶሎ አልመጣም። በእንዲህ ያለ ጊዜ እጅ ያሳክካል፤ "እንደገና ላክ" ደጋግሞ መጫን ግን የሚያስጠብቀውን ሰዓት እያረዘመ ይሄዳል፤ የቀደመው ኮድ ዘግይቶ ቢመጣም ላይሠራ ይችላል። አንዴ ጠይቁና ተቀመጡ። ካልመጣ "ደውሉልኝ" የሚለውን ምረጡ፤ ማሽን ደውሎ ቁጥሩን ያነብላችኋል። ከመጠየቃችሁ በፊት ያንን ስፓም ክፍል አንዴ ክፈቱ። ቴሌግራም ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው፤ አሮጌው ስልክ ላይ ክፍት ከሆነ ባለ 5 አሃዙን ኮድ የሚልከው እዚያው ቴሌግራም ውስጥ ነው። እናንተ አጭር መልዕክት ስትጠብቁ ኮዱ መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠው ስልክ ላይ ደርሷል።

ይህን ስጠብቅ ነበር አንዱ ደውሎ "እናቴ፣ በስህተት አንቺ ጋ የገባ ኮድ አለ፣ አንብቢልኝ" ያለኝ። ድምፁ ትሁት ነው፣ ስሜንም ጠርቷል። ኮድ በስህተት ሰው ጋ አይገባም። ያነበበ ሰው ዋትስአፑ ወይም ቴሌግራሙ ይነጠቃል፤ ቀጥሎ ለዘመዶቹ "ብር አበድሩኝ" የሚል ይላካል። በሁለቱም መተግበሪያዎች ላይ "ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን" የሚለውን አብሩና የራሳችሁን የይለፍ ቁጥር አስቀምጡ። ያን ጊዜ ኮዱን ቢያገኙትም ብቻውን አያስገባቸውም።

ዋትስአፑ ሲከፈት የውጭ ደንበኞቼ ግማሹ የሉም። ቁጥራቸው ስልኩ ላይ አለ፣ ዋትስአፕ ግን አያያቸውም። የተመዘገቡት ያለ አገር መለያ ነው። ሁሉንም ቁጥር በመደመር ምልክት ጀምራችሁ መዝግቡ፤ የእኛ +251 ሆኖ ከፊት ያለው 0 ይወጣል። ሳዑዲ +966፣ ዱባይ +971፣ አሜሪካ +1። ሳዑዲና ዱባይም እንደኛው ከፊት ያለውን 0 ይጥላሉ። ልጆቻችሁ አረብ አገር ያሉ እናቶች ይህን ብታስተካክሉ "ልጄ ከዋትስአፕ ጠፋች" የሚለው ስጋት ብዙውን ጊዜ እዚሁ ያበቃል። እግረ መንገዴን፣ ኤምሬትስ ውስጥ በዋትስአፕ መጻጻፍ ቢቻልም መደወል የተከለከለ ነው። ጥሪው አልሄድ ቢላችሁ ስልካችሁን አትጠርጥሩ።

አይፎን ለያዛችሁ ከደንበኞቼ የሰማሁትን ላካፍል። ከአሜሪካ የመጣች ደንበኛዬ አይፎኗን ለእህቷ ሰጥታ አንድሮይድ ያዘች፤ ከዚያ በኋላ አይፎን ያላቸው ጓደኞቿ የሚልኩት አጭር መልዕክት አይደርሳትም። ቁጥሯ አሁንም አይሜሴጅ ላይ፣ ማለትም አይፎኖች በኢንተርኔት በሚጻጻፉበት የአፕል አገልግሎት ላይ፣ ተመዝግቦ ስለነበር መልዕክቱ ወደማትከፍተው ቦታ ይሄዳል። ሲሙን ከማውጣታችሁ በፊት አይሜሴጅን ከሴቲንግ አጥፉ፤ ስልኩ ከእጃችሁ ከወጣ ደግሞ አፕል ድረ ገጹ ላይ ቁጥሩን ለማስሰረዝ ያዘጋጀው ገጽ አለ። በተቃራኒው እዚህ ሲም አስገብታችሁ አይሜሴጅ "ዌይቲንግ ፎር አክቲቬሽን" እያለ ከቆመ ሂሳብ ሙሉ። ስልኩ በስውር ወደ ውጭ አገር አንድ አጭር መልዕክት ይልካል፤ ሂሳብ ከሌለ አይሄድለትም። እስከ 24 ሰዓትም ሊፈጅ ይችላል።

ይህ ሁሉ ታይቶ ካልተፈታ እኔ የምሄድበት ቅደም ተከተል አለ። የአውሮፕላን ምልክቱን አብርቼ ትንሽ ቆይቼ አጠፋለሁ። ስልኩን አጥፍቼ አበራለሁ። የመልዕክት መተግበሪያውን "ካሽ"፣ ማለትም ጊዜያዊ ማከማቻውን፣ ብቻ አጠፋለሁ፤ ከጎኑ ያለውን "ክሊር ዳታ" አልነካም። ሲሙን አውጥቼ ሌላ ስልክ ላይ እሞክራለሁ። እዚያም እምቢ ካለ ችግሩ ከሲሙ ወይም ከቴሌው ነውና መታወቂያ ይዤ ወደ አገልግሎት ማዕከል፤ ለኢትዮ ቴሌኮም 994፣ ለሳፋሪኮም 700 መደወልም ይቻላል። ስትደውሉ "አይሠራም" ብቻ አትበሉ፤ ከየትኛው ቁጥር ወደ የትኛው፣ በስንት ሰዓት እንደተላከ ጽፋችሁ ያዙ። ሌላ ስልክ ላይ ከሠራ ደግሞ "ሪሴት ኔትወርክ ሴቲንግስ" የሚለው አለ፤ ፎቶም መልዕክትም አይነካም፣ የዋይፋይ የይለፍ ቃልን ግን ያጠፋል። አስቀድማችሁ ጻፉት።

አንድ ነገር ግን እስካሁን አልተፈታልኝም። የበዓል ዋዜማ ማታ የላክሁት አጭር መልዕክት አንዳንዱ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ይደርሳል። አገሩ ሁሉ በአንዴ "እንኳን አደረሰህ" ሲባባል የመልዕክት ማዕከሉ እያስቀመጠ በተራ ያደርሳል፤ ለዚህ የሚነካ ሴቲንግ የለም። ስለዚህ ለገና ደንበኞቼ ቀድሜ በማለዳ ነው የምልከው፤ ለጥምቀት ደግሞ ከከተራ በፊት። ልብስ ሊገዛ የሚፈልግ ሰው ያኔም ቢሆን እያሰበበት ነው።